ጸጥታው ከየት መጣ?

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ በተደረደሩት መድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ አረጋውያኑ ራሳቸው እምብዛም አይታዩም። የሚመጣው ልጅ ነው፣ የልጅ ልጅ ነው፣ አንዳንዴም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ከፌስታል ውስጥ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አውጥተው ይደረድሩና «ይሄንኑ ይስጡን» ይላሉ። የደም ግፊቱ አለ፣ የስኳሩ አለ፣ የጨጓራው አለ። ከእነዚያ መካከል አንዳንዴ አንድ ሌላ ኪኒን ተደባልቆ ይገኛል፤ ሃሎፔሪዶል፣ አሚትሪፕቲሊን ወይም ዲያዜፓም። ቤት ውስጥ ግን በዚህ ስም አይታወቅም፤ «የእንቅልፋቸው» ወይም «የሚያረጋጋቸው» ነው የሚባለው። ፋርማሲስቷ «መቼ ነው የተጀመረላቸው?» ብላ ስትጠይቅ «ቆይቷል፣ ሆስፒታል ተኝተው በነበረ ጊዜ ነው» ይሏታል። «እስከ መቼ ይውሰዱ ተባላችሁ?» ለሚለው ግን መልስ የላቸውም፤ የነገራቸው የለማ።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በቅጡ ጠይቆ አስተማማኝ መልስ ለማግኘት የሕክምናው ዓለም ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ታሪኩ የተጻፈው በሩቅ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ልደታ ውስጥ አባቱን ወይም እናቱን ቤት አስቀምጦ የሚጦር ሰው ግን ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ነገሩ የተጀመረው በመልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ በሚገኘው ሴንት አን ሆስፒታል ዣን ደሌ እና ፒየር ደኒከር የተባሉ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት በጽኑ ለታመሙ የአእምሮ ሕሙማን ሰጡ። ሲጮኹ፣ ሲታሰሩ፣ በር ሲዘጋባቸው የኖሩ ሰዎች ተረጋግተው ከሰው ጋር መነጋገር ጀመሩ። በ1958 ደግሞ በቤልጂየማዊው ፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ ሃሎፔሪዶል ተገኘ። እኛም አገር በ1930 ዓ.ም. በተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል በእነዚህ መድኃኒቶች ታክመው ወደ ሥራቸውና ወደ ትዳራቸው የተመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለ መድኃኒቶቹ ጉዳት ሊጽፍ የተነሣ ሰው ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ ፍርደ ገምድል ይሆናል። ቡታጅራ ላይ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ በተካሄደው ትልቅ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ደርሷቸው አያውቅም ነበር። እነሱን የጎዳቸው የመድኃኒት እጦት ነው።

ችግሩ የመጣው መድኃኒቱ ከተሠራለት በሽታ ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት ሲገባ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1965 በኋላ መንግሥት ወጪ መሸፈን ሲጀምር የአረጋውያን መጦሪያዎች እንደ አሸን ፈሉ። ወደዚያ የገቡት ብዙዎቹ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ሕመም ነክቷቸው አያውቅም፤ ጉልበት የከዳቸው፣ የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች ናቸው። ሌሊት ይነሣሉ፣ በር ይደበድባሉ፣ ሲያጥቧቸው ይማታሉ፣ ከሞቱ ሃያ ዓመት የሆናቸውን ባላቸውን ይጠራሉ። ነርሷ አንዲት፣ አረጋውያኑ ብዙ። ኪኒኑ ሲሰጣቸው ግን ጸጥ ይላሉ። ጸጥ ማለታቸውም እንደ መዳን ተቆጠረ።

ይህ ጸጥታ ከየት እንደመጣ በቁጥር ለመመርመር ከተነሡት ቀዳሚዎቹ አልጋ አጠገብ የሚውሉ ሰዎች አይደሉም። ቴኔሲ ውስጥ፣ ናሽቪል ከተማ፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዌይን ሬይ፣ ቻርልስ ፌደርስፒል እና ዊልያም ሻፍነር የያዙት የሒሳብ መዝገብ ነበር። ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ለከፈለበት መድኃኒት ሁሉ መዝገብ አለው፤ ለማን እንደታዘዘ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ስንት እንደሆነ። እነሱም እ.ኤ.አ. የ1976ን ዓመት ሙሉ በ173 መጦሪያዎች የኖሩ 5,902 ሰዎችን መዝገብ አውጥተው ቆጠሩ። በ1980 ያሳተሙት ውጤት፣ ከመቶው 43ቱ በዚያ ዓመት አንቲሳይኮቲክ የሚባለው፣ እነ ሃሎፔሪዶል ያሉበት ዓይነት መድኃኒት ታዞላቸው እንደነበር የሚያሳይ ነው። ከመቶ ዘጠኙ ደግሞ ለዓመቱ ቀናት ሁሉ የሚበቃ ወይም ከዚያ የሚበልጥ መጠን ወስደዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን «በሽተኛው ስለበዛ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ሌላ ነገር አዩ። መጦሪያው ትልቅ በሆነ ቁጥር ለአንድ ሰው የሚደርሰው የመድኃኒት መጠን ይጨምራል። በመጦሪያ ብዙ ታካሚ የያዘ ሐኪምም ጥቂት ከያዘው ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው አብዝቶ ያዝዛል። በሽታ በሕንፃ ስፋት አይጨምርም። ስለዚህ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ከአረጋዊው ሕመም ውጭ ያለ ነገር ነበር ማለት ነው፤ የሠራተኛ ማነስ፣ የጊዜ ማጠር፣ የቤቱ ልማድ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ግኝት ይህ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የእሱ ተከታይ ነው።

ሬይ በዚህ አላቆመም። በ1987 ባወጣው ጥናት የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ 1,021 አረጋውያንን ካልተሰበሩ 5,606 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። አንቲሳይኮቲክ በሚወስዱት ላይ ስብራቱ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ የእንቅልፍ መድኃኒቶችና እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም ከእጥፍ ብዙ አልራቁም። መጠኑ በጨመረ ቁጥርም ስብራቱ ይጨምራል።

እንዴት እንደሆነ ለማየት ቤት ውስጥ ያለን ሰው ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ሃሎፔሪዶል ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ቅመም ሥራ ያግዳል፤ እንቅስቃሴያችንን የሚያቀናው ደግሞ እሱው ነው። ጥቂት ሳምንት የወሰዱትን እናት ተመልከቱ። ፊታቸው ሐሳቡን መግለጽ ያቆማል፤ ሳቁም ኀዘኑም አንድ ይሆናል። ክንዳቸው ሲሄዱ አይወዛወዝም፣ እግራቸው መሬቱን እየላሰ ነው የሚሄደው፣ ትራሱ በለሃጭ ይርሳል፣ ጣታቸው መቁጠሪያ የያዘ ይመስል ይንቀሳቀሳል። ከተቀመጡበት ሲነሡ የደም ግፊታቸው ይወርዳል፣ ያዞራቸዋል። ሌሊት ሽንት ቤት ልሂድ ብለው ሲነሡ ይወድቃሉ። ልደታ ደግሞ የድሮው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከተተከለ ወዲህ ዕድሜውን በግቢ የኖረ አረጋዊ ደረጃ ወጥቶ የሚገባበት ቤት ብዙ ነው።

ቤተሰቡ መንቀጥቀጡን አይቶ ወደ ሐኪም ሲወስዳቸው ሌላ ኪኒን ሊጨመር ይችላል፤ አርቴን። አርቴን ለወጣት በሽተኛ መንቀጥቀጡን ያስተወዋል። በሰማንያ ዓመት አረጋዊ ላይ ግን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይከለክላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቃዣል። ሲቃዡ «ባሰባቸው» ይባልና የሃሎፔሪዶሉ መጠን ከፍ ይላል። ጄሪ ጉርዊትዝና ፖላ ሮሾን የተባሉ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ይህን የመድኃኒት ሰንሰለት መዝግበው አሳይተዋል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ጉዳት አዲስ በሽታ ተብሎ ሁለተኛ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ለሁለተኛውም ሦስተኛ።

አሜሪካ በ1987 ሕግ አወጣች። መጦሪያዎች ያለ በቂ የሕክምና ምክንያት እነዚህን መድኃኒቶች እንዳይሰጡ፣ የጀመሩትንም ቀስ በቀስ ለመቀነስ እንዲሞክሩ ታዘዙ። ቴኔሲ ውስጥ የአንቲሳይኮቲክ አጠቃቀሙ 27 ከመቶ ያህል ወረደ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። በ1990ዎቹ ግን ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን እና ክዌቲያፒን ገበያ ገቡ። አዲሶቹ እንደ ድሮዎቹ ሰውነትን ግትር አያደርጉም ስለተባለ ሐኪሞች እጃቸውን ፈቱ። ሚያዝያ 2005 ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 17 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የመርሳት በሽታ ኖሮባቸው እነዚህን መድኃኒቶች የወሰዱ አረጋውያን መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ይልቅ ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ ሞተዋል። አሥር ሳምንት ገደማ በወሰደ ጥናት 4.5 ከመቶ ለ2.6 ማለት ነው። በ2008 ማስጠንቀቂያው ሃሎፔሪዶልን ጨምሮ ለድሮዎቹም ተደረገ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ቀረ። አለመጀመሩ መልካም፤ ለወራት ሲወስዱ የቆዩትንስ ምን እናድርጋቸው? ብናቆምባቸው ቢብስባቸውስ? ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ያደሩ አባት ያሉት ቤተሰብ ያረጋጋውን ኪኒን በቀላሉ አይለቅም።

እንግሊዛዊው ክላይቭ ባላርድና ባልደረቦቹ ይህን ሊፈትሹ ተነሡ። ቢያንስ ሦስት ወር አንቲሳይኮቲክ ሲወስዱ ከቆዩ፣ የአልዛይመር በሽታ ካለባቸውና በመጦሪያ ከሚኖሩ ሰዎች 165ቱን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ያንኑ የሚመስል ባዶ ኪኒን ተሰጣቸው። ለማን የትኛው እንደደረሰ ታካሚውም፣ ነርሷም፣ ሐኪሙም አያውቁም። በስድስት ወሩ ሲለኩ በአስተሳሰብ ችሎታ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በባሕርይም በኩል የተፈራው ያህል አልሆነም፤ ብቻ መጀመሪያውኑ ጽኑ መረበሽ የነበረባቸው መድኃኒቱ ሲቆምባቸው የመባስ አዝማሚያ አሳይተዋል።

ከዚያ ቡድኑ እነዚያን ሰዎች መከታተሉን ቀጠለ። ውጤቱ በ2009 ሲታተም የመጀመሪያው ዓመት ልዩነት ጠባብ ነው፤ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 70 ከመቶ፣ ካቆሙት 77 ከመቶ በሕይወት አሉ። በሁለተኛው ዓመት ከቀጠሉት 46፣ ካቆሙት 71። በሦስተኛው ዓመት ከቀጠሉት 30፣ ካቆሙት 59። የሰዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ የመቶኛውን ልክ አጥብቆ መያዝ አይገባም። ቢሆንም እነዚህ ቁጥሮች የማን እናት ከልጆቻቸው ጋር ሁለት ፋሲካ እንደዋሉ የሚናገሩ ናቸው፤ ሳነባቸው በቀላሉ አላለፍኳቸውም። በዚያው ዓመት ሱቤ ባነርጂ ለብሪታንያ መንግሥት ባቀረበው ዘገባ 180,000 ያህል የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች እንደሚወስዱ፣ ቢበዛ 36,000ዎቹ እንደሚጠቀሙበት፣ በየዓመቱም 1,800 ያህል ተጨማሪ ሞት እንደሚያስከትል ገመተ።

እስካሁን የተገኘው መድኃኒቱ ጎጂ መሆኑ ነው። አረጋውያኑ መጀመሪያ ለምን ይጮኹ ነበር የሚለው ግን አልተነካም። ወደዚያ የገቡት ኖርዌጃዊቷ ሐኪም ቤቲና ሁሴቦ ናቸው። በምዕራብ ኖርዌይ በ18 መጦሪያዎች የሚኖሩ፣ የመርሳት በሽታቸው የገፋና የሚረበሹ 352 ሰዎችን ይዘው አንድ ሐሳብ ፈተኑ፤ እነዚህ ሰዎች ሕመም ቢኖራቸውስ? ለአንዱ ቡድን ስምንት ሳምንት በደረጃ የተዘጋጀ የሕመም ማስታገሻ ተሰጠ። አብዛኞቹ የደረሳቸው ፓራሲታሞል ነው፤ እኛ ለራስ ምታት ከሱቅ ሳይቀር የምንገዛው ፓራሲታሞል። በ2011 የታተመው ውጤት መረበሹ ማስታገሻ ካልተሰጠው ቡድን አንጻር በ17 ከመቶ መቀነሱን ያሳያል። ማስታገሻው ሲቆም መረበሹ ተመልሶ ጨመረ።

ይህ ግኝት ከሁሉም በላይ ለእኛ ቤት የቀረበ ነው እላለሁ። የእኛ አረጋውያን ሕመማቸውን አይናገሩም። «እንዴት አደሩ እማማ?» ሲባሉ ጉልበታቸው እየነደደ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳቸው፤ የመርሳት በሽታ ሲጨመርበት ደግሞ የሚያመው የትኛው ቦታ እንደሆነ ማመልከቱም ይጠፋል። ስለዚህ ሲጠየቁ ከሚሉት ይልቅ ሲገላበጡ ፊታቸው የሚያሳየውን ማየት ይሻላል። ካልሲ ሲወልቅ ይሸሻሉ? ሲታጠቡ የሚማቱት ግራ ትከሻቸው ሲነካ ብቻ ነው? ሽንት ሲሸኑ ይቃትታሉ? ሆዳቸው ከደረቀ ስንት ቀን ሆነው? የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻውን ደህና የነበሩትን አረጋዊ በአንድ ሌሊት ሊያቃዣቸው ይችላል፤ መድኃኒቱም አንቲባዮቲክ ነው።

ሕመምም ሳይኖር የሚነሡ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፍተው ኪዳን ይሄዱ የነበሩ እናት የልደታ ማርያም ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ተነሥተው በሩን ቢታገሉ፣ ከአእምሯቸው የጠፋ ብዙ ነገር ቢኖርም ይህኛው አልጠፋም ማለት ነው። ለዚህ ዲያዜፓም ከመስጠት ይልቅ ነጠላውን አልብሶ፣ መብራት አብርቶ፣ አብሮ ቁጭ ብሎ ጸሎቱን ማድረስ ይሻላል። ይህን የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ አብራቸው የምታድረው የቤት ሠራተኛ ናት፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን እሷን ይዞ የሚሄድ የለም።

ታሪኩ አሜሪካ ውስጥ መራራ መታጠፊያ አለው። መንግሥት የየመጦሪያውን የአንቲሳይኮቲክ ቁጥር ለሕዝብ ማውጣት ሲጀምር ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ከቁጥሩ እንዲወጡ ፈቀደ፤ ትክክልም ነው፣ ለእነሱ መድኃኒቱ ይገባልና። በ2021 ኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ምርመራ ግን ከዘጠኝ የመጦሪያ ነዋሪ አንዱ «ስኪዞፍሬኒያ አለበት» ተብሎ ተመዝግቦ ተገኘ፤ በጠቅላላው ሕዝብ ከ150 ሰው አንዱ ገደማ ነው። በመንግሥት መዝገብ ከ15 በመቶ በታች የሚባለው አጠቃቀምም ሲጣራ ቢያንስ 21 ከመቶ ነበር። ቁጥሩ ብቻ ሲጠየቅ ቁጥሩ ብቻ ወረደ። በዋሽንግተንና በሚኒሶታ መጦሪያዎች የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ የሚያዩትን ከእኔ ይልቅ እነሱ ይነግሩናል።

አውስትራሊያ ላይ የተሻለ መንገድ ታየ። ጁዋኒታ ዌስትበሪ የመሩት ሥራ በ150 መጦሪያዎች ፋርማሲስቶችንና ነርሶችን አሠልጥኖ የእያንዳንዱን ነዋሪ መድኃኒት ከሐኪሙ ጋር ተቀምጠው እንዲያዩ አደረገ። በስድስት ወር አንቲሳይኮቲክ የሚወስዱት ከ21.6 ወደ 18.9 ከመቶ፣ የዲያዜፓም ዘመዶችን አዘውትረው የሚወስዱት ከ22.2 ወደ 17.6 ከመቶ ወረዱ። ቅናሹ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከሚወስዱት 39 ከመቶ ያህሉ ወይ አቁመዋል ወይ ቀንሰዋል፤ በቦታውም ሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አልተተካም።

ልደታ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው አለ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የፋርማሲ ትምህርት ቤት አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን ጀምሯል። የጎደለው፣ አንድ ጊዜ የተጀመረን መድኃኒት በድጋሚ አይቶ «አሁንስ ያስፈልጋል ወይ?» የሚል ቀጠሮ ነው። አልጋ ክፍል ውስጥ ሃሎፔሪዶል የጀመረው ሐኪም በወሩ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ አረጋዊው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ማሸጊያው ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመላለሳል። ከሆስፒታል መውጫ ወረቀቱ ላይ «የተጀመረበት ምክንያት» እና «የሚታይበት ቀን» የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢጨመሩ ምንም ወጪ የለውም፤ እንዲደረግ አጥብቄ እመኛለሁ።

እንደ መቄዶንያ ባሉ፣ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን አብረው በሚኖሩባቸው ማዕከላት ደግሞ ሥራው ድርብ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው የስድሳ ዓመት ሰው መድኃኒታቸው ቢቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል። ፎኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ የሚወስዱም እንዲሁ። ሊቀነስላቸው የሚገባው በእርጅና ለመጣ መረበሽ ብቻ የተጀመረላቸው ናቸው።

ማቆሙም በአንድ ጊዜ አይደለም። እኛ አገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው እንዲያ ነው፤ መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ፣ ወይም ጠበል ሲገባ «ከዛሬ ጀምሮ አይወስዱም» ሲባል። ለረጅም ጊዜ ዲያዜፓም የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊጥለውም ይችላል። ጠበሉን መቀጠል ይቻላል፤ ኪኒኑ በሐኪም እጅ ይቀነሳል። ዲያዜፓምና ዘመዶቹ በየሁለት ሳምንቱ በሩብ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ከዚያም ባነሰ መጠን ይወርዳሉ። አንቲሳይኮቲኩ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ ከሩብ እስከ ግማሽ ይቀነሳል፤ ብዙ ዓመት ለወሰደ ሰው ከዚያም ቀስ ይላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይነኩም፤ አንዱ አልቆ ሌላው ይጀመራል፤ ያለዚያ የተለወጠው ነገር ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። አርቴን ካለ ከሃሎፔሪዶሉ በኋላ ነው ተራው።

ቤተሰቡ አንድ ደብተር ይያዝ። ስንት ሰዓት ተኙ፣ በሉ ወይ፣ ተራመዱ ወይ፣ ጮኹ ወይ፣ ሲጮኹ ምን እየተደረገላቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ሊያጡ ይችላሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሲለቅ የሚመጣ ነውና ወዲያው «በሽታው ተመለሰ» ተብሎ አይደመደም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት እየተቀነሰ ሳለ ቢያንስ በየወሩ፣ የመጨረሻው ኪኒን ከቆመ በኋላም ቢያንስ ለአራት ወር መታየት አለባቸው። መረበሹ በእርግጥ ከተመለሰ፣ አስቀድሞ ሕመም፣ ኢንፌክሽንና የሆድ ድርቀት ይፈለጋል፤ እነዚህ ከሌሉ መድኃኒቱ እንደገና ይጀመራል፣ ከመጀመሪያው መጠን ሳይሆን ደህና ሆነው ከቆዩበት ከትንሹ።